ደም ቅዳ፣ ደም መልስ እና አንድ ትራስ

በቤታችን አንድ ትራስ አለ፤ ወፍራምና ጠንካራ፣ ለራስ የማይመች። ላለፉት 8 ዓመታት የእግሬ ማሳረፊያ ነው። ማታ ስተኛ ከባቴ ሥር አስገባዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲጠራቀም የዋለው ክብደትም ቀስ በቀስ ይለቀኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ትራስ ወስጄ ከአባቴ እግር ሥር አስገባሁት። 11 ሌሊት እግራቸውን ሰቅለው እንዲያድሩ አደረግኋቸው። በእነዚያ ሌሊቶች በገዛ እጄ ሳሰቃያቸው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ይህን ለመጻፍ ጊዜ ወስዶብኛል። ዛሬ የምጽፈው ግን እኔ የሠራሁትን ስሕተት በዚህ ሰዓት የሚሠራ ሌላ ሰው እንዳለ ስለማምን ነው፤ የሚሠራውም በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከአንድ አባባል ነው፤ «የደም ዝውውር ችግር» ከሚለው። ሁለታችንም የደም ዝውውር ችግር አለብን ይባል ነበር። የሕመማችን ስም አንድ ስለሆነ መፍትሔያችንም አንድ መሰለኝ።

አማርኛ ግን ነገሩን አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጦልናል። ከልብ ወጥቶ ወደ አካል የሚሄደውን ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ ነው። ከአካል ወደ ልብ የሚያመጣው ደም መልስ ነው። በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድደን የተውናቸው ቃላት ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱንም «ደም ሥር» ብለን ስለምንጠራቸው ልዩነታቸው ይጠፋብናል። የእኔ ችግር ያለው መልሱ ላይ ነው፤ የአባቴ ደግሞ ቅዳው ላይ። ደም ወደ እግሬ ያለ ችግር ይወርዳል፤ መውጣቱ ነው የሚከብደው። ወደ አባቴ እግር ግን መድረሱ ራሱ ነበር ጭንቁ። እኔ ደግሞ በትራሴ ይህን መከረኛ ደም ዳገት አስወጣሁት።

አባባ በመንገድ ላይ መቆም የጀመሩት ሕመማቸው ስም ከማግኘቱ 3 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። አብረን ስንሄድ ድንገት ቆም ይሉና አንድ ነገር ያሳዩኛል፤ እየተሠራ ያለ ግንብ፣ ዛፍ ላይ የሰፈረ ወፍ፣ የአንድ አጥር አበባ። ሁለት ሦስት ደቂቃ እናወራና እንቀጥላለን። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር ይገኛል። በጡረታ ዘመናቸው ዓለምን በእርጋታ ማየት ጀመሩ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ወፉንም አበባውንም የሚመርጥላቸው የግራ ባታቸው እንደነበር አልገባኝም።

ጀርመኖች ለዚህ ሕመም ያወጡለት የዕለት ስም በሱቅ መስኮት ዕቃ ከሚመለከት ሰው የተወሰደ ነው። ሕመምተኛው ባቱ እስኪለቀው ድረስ ዕቃ የሚያይ መስሎ ይቆማልና። ይህን ስሰማ አባባን በዓይኔ ሣልኋቸው። ሐኪሞች ደግሞ «ክላውዲኬሽን» ይሉታል፤ ማንከስ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቡሌ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1831 አንድ ፈረስ ሲሮጥ እያነከሰ ሲያርፍ ደግሞ እየተሻለው መቸገሩን ጽፎ ነበር፤ መንሥኤውም የተዘጋ ደም ቅዳ ነበር። ሻርኮ የተባለው የአገሩ ሰው ይህንኑ በሰው ላይ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ፈረሱ እንደ አባባ ወፍ የሚያሳይበት ሰው አልነበረውምና ሕመሙ ቶሎ ታየለት።

የነገሩ አሠራር ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ያረፈ ጡንቻ በጥቂት ደም ይረካል። ስንራመድ ግን ፍላጎቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ጤነኛ ደም ቅዳ ይሰፋና የተጠየቀውን ይልካል፤ የጠበበው ግን ከዕረፍት የሚተርፍ የለውም። ስለዚህ ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ባትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ይመጣል። ቆም ሲሉ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ሕመሙ ይለቃል። መቀመጥ እንኳን አያስፈልግም። ጉዞው ሲቀጥል ሕመሙ በተመሳሳይ ርቀት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ዳገት ከሆነ ወይም ሰውዬው ከፈጠነ ርቀቱ ያጥራል።

ይህ ርቀትን የመጠበቅ ጠባዩ ነው ሊያነቃኝ ይገባ የነበረው። አባባ ለጥ ባለ መንገድ ላይ 200 እርምጃ ያህል ሄደው ይቆማሉ፤ ሁልጊዜ። የጉልበት ሕመም አንድ ቀን ይብሳል፣ አንድ ቀን ይሻላል፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ያስቸግራል። እርጅና በእርምጃ ተለክቶ አይመጣም። የሚያምበት ቦታም ይናገራል፦ ሕመሙ ባት ላይ ከሆነ መጥበቡ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ጭን ውስጥ ባለው ደም ቅዳ ላይ ነው፤ ዳሌና ጭን ላይ ከሆነ ደግሞ ሆድ ግርጌ ባሉት ታላላቅ ቧንቧዎች ላይ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ሁልጊዜ ከመጥበቡ በታች ነው።

በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ የእግር ደም ቅዳ መጥበብ እንዳለባቸው ይገመታል። ከእነርሱ ውስጥ እንዲህ በመጽሐፍ እንደተጻፈው የሚያማቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ሌሎቹ እግራቸው ይዝላል ወይም ይከብዳቸዋል፤ ወይም ደግሞ ምንም አይሰማቸውም፤ ምክንያቱም ሳያውቁት መራመድን ቀንሰዋል። ይህ የመጨረሻው በጣም ያሳስበኛል። ሰው መንገዱን ያሳጥራል፤ በእግር ይሄድበት የነበረውን በመኪና ያደርገዋል፤ የማያመውም ስለማይራመድ ነው። እኛም ከአጠገቡ ሆነን «አርጅቷል» እንላለን። እርጅና የሚለው ቃል ስንቱን የሚታከም ሕመም ሸፍኖ እንዳስቀረብን ሳስብ ያናድደኛል።

ከዚያ ሌሊቱ መጣ።

አባባ ከተኙ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ መነሣት ጀመሩ። የግራ እግር ጣቶቻቸውን እሳት የነካው ያህል ያቃጥላቸዋል። ተነሥተው ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳሉ፤ ወይም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያንጠለጥላሉ፤ ሲሻላቸው ይጋደማሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ይነሣሉ። በመጨረሻም አልጋውን ትተው ወንበር ላይ ማደር ጀመሩ። ይህ ለሚያውቅ ሰው ጩኸት ነው። ሰው ተጋድሞ ሲተኛ ደም ወደ እግር የሚወርድበት የመሬት ስበት እገዛ ይቀራል፤ በእንቅልፍ ጊዜ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል። ቧንቧው በጣም ከጠበበ ያችን ጥቂት እገዛ ማጣት ብቻውን ጣቶቹን ያስርባል። እግር ወደ ታች ሲንጠለጠል ደሙ በክብደቱ ይወርዳል፤ ሕመሙም ይበርዳል። አባባ ማንም ሳያስተምራቸው መድኃኒታቸውን አግኝተው ነበር።

ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የተንጠለጠለ እግር ያብጣል። ጠዋት ጠዋት የግራ እግራቸው ጫማ አልገባ አለ። ይህን እብጠት ሳይ ነው እኔ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ያልኩት። ከ20 ዓመት በላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የእግር እብጠት የየምሽት እንግዳዬ ነው። ለእኔ የሠራው ትራስ ለእርሳቸው እንዳይሠራ ምን ያግደዋል? ትራሱን አስገባሁ። በሰባተኛው ቀን ደግሞ የእኔን ዓይነት የሚያጠብቅ ካልሲ አምጥቼ፣ ተንበርክኬ፣ በገዛ እጄ አለበስኋቸው።

«ልጄ፣ ይህ ትራስ የሚስማማኝ አይመስለኝም» አሉኝ አንድ ጠዋት።

«ታገሡት አባባ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው» አልኳቸው።

ታገሡት። እኔን ላለማስከፋት ታገሡት። ካልሲው በተጠለቀ በአራተኛው ቀን ሳወልቀው ትንሿ ጣታቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ ጠርዟ የጠቆረ ቁስል አየሁ።

ቀደም ብለን የሄድንበት አንድ ክሊኒክ ነገሩን የወገብ ሕመም ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶን ነበር። ካልሲና ጫማቸውን እንዲያወልቁ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። አሁን ያገኘናት ሐኪም ከሁሉ አስቀድማ ሁለቱንም እግሮች እስከ ጉልበት ገልጣ አየች። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«አባባ፣ ሌሊት ሲያምዎት እግርዎን ምን ሲያደርጉት ይሻልዎታል?»

«ወደ ታች ሳንጠለጥለው።»

ወደ እኔ ዞር ብላ «ትራሱን ዛሬውኑ ያንሡት፤ ካልሲውንም» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳየችኝን ሁሉ አልረሳውም። የግራው ቅልጥም ፀጉር አልባ ነበር፤ ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል፤ ጥፍሮቹ ወፍረው ተሰባብረዋል። ባቱ ከቀኙ ቀጥኗል። የእጇን ጀርባ ከጉልበት ወደ ታች እያንሸራተተች ሙቀቱ የሚቋረጥበትን ቦታ አሳየችኝ። አባባን በጀርባቸው አስተኝታ ሁለቱንም እግሮች ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ ያዘቻቸው። የግራው ውስጥ እግር አመድ መሰለ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ለውጥ እግሩ ጀርባ ላይ አይታይም፤ መታየት ያለበት ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው። ብዙ ሰው ቆዳው ስላልነጣ ብቻ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ አስቀምጣቸው እግራቸውን ሲያንጠለጥሉ ያ አመድማ እግር ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ቀይ ተለወጠ።

«ቀላ እኮ፤ ደም ገባበት ማለት አይደለም?» አልኳት። የለም አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን የተራቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚመጣውን ጠብታ ሁሉ ለመቀበል እስከ ጥግ ተከፍተው ይቀራሉ፤ እግሩ ወደ ታች ሲወርድ ደሙ ይሞላባቸዋል፤ ቅላቱ ጤና ሳይሆን የረሃብ ምልክት ነው። እኔ ለሳምንታት ይህን ቅላት እያየሁ «ደሙስ አለ» ስል ነበር።

የእግር ትርታ የሚፈለግባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የእግር ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣትና ከሁለተኛው ጣት መካከል በቀጥታ ወደ ላይ ሲሄዱ ነው። ሁለተኛው ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በስተኋላ ነው። የመጀመሪያው በአንዳንድ ጤነኞች ላይም አይገኝም፤ ስለዚህ እርሱን ብቻ አጥቶ መደንገጥ አይገባም። ሁለቱም ሲጠፉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቀኙ አንዱን አገኘችው። በግራው ጣቷን ብዙ ጊዜ አቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

ቀጥሎ የመጣው ምርመራ በቀላልነቱ አስገረመኝ። የደም ግፊት የሚለካበት ያው ጨርቅና ዶፕለር የሚባል በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነው። በክንድ ያለው ግፊት ይለካል፤ በቁርጭምጭሚት ያለው ይለካል፤ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሲለካ የእግሩ ግፊት ከክንዱ ጋር እኩል ወይም ከፍ ያለ ነው፤ ውጤቱ ከ1.0 እስከ 1.4 ባለው ውስጥ ይወድቃል። 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው። የአባባ ክንድ 150 ነበር። ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው 126፣ ግራው 57። ማካፈሉን እኔው ራሴ ሠራሁት፤ ቀኙ 0.84፣ ግራው 0.38። መሣሪያው የደሙን ፍሰት ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ቀኙ እንደ መጥረጊያ ሹው፣ ሹው ይል ነበር፤ ግራው ከሩቅ እንደሚነፍስ ነፋስ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቁጥሩ ሊያታልለው ይችላል። ቧንቧዎቹ በካልሲየም ስለሚደድሩ ጨርቁ ሊጨምቃቸው አይችልም፤ ውጤቱም ከ1.4 በላይ ሊወጣ ይችላል። ከፍ ማለቱ ጤና አይደለም። እንዲህ ሲሆን የአውራ ጣቱ ግፊት ይለካል።

አባባ 30 ዓመት ያህል ሲጋራ አጭሰዋል፤ ካቆሙ 9 ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ትቼዋለሁ እኮ» አሏት፤ ልጅ ጥፋቱን ሲያስረዳ በሚናገርበት ድምፅ። ማቆማቸው እስከዛሬ እንዳዳናቸው ነገረቻቸው፤ ሲጋራ እግርን ከሚጎዱት ነገሮች ሁሉ የከፋው እንደሆነም አልደበቀቻቸውም። ከእርሱ ጋር የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ዕድሜ ይቆጠራሉ። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብና ሌላ ቆሻሻ በአሥርት ዓመታት ይከማቻል፤ እግር ላይ ከታየ ልብና አንጎልን በሚመግቡት ቧንቧዎችም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለእግራቸው የሄድን ሰዎች ስለ ልብ ድካምና ስለ ስትሮክ አውርተን፣ ደም የሚያቀጥንና ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። መጀመሪያ ላይ ከጉዳዩ የራቀ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዋናው እርሱ ነው፤ የእግር ደም ቅዳው የጠበበ ሰው ከእግሩ ይልቅ በልቡ የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ ደም ዝውውር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ ታሪክ አጽናናኝ። ፋብሪሲየስ የተባለ በፓዱዋ ያስተምር የነበረ ጣሊያናዊ የአካል አወቃቀር ሊቅ በደም መልሶች ውስጥ ያሉትን ትናንሽ መዝጊያዎች በጥንቃቄ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1603 ሥዕላቸውን አሳተመ። በዓይኑ አይቷቸዋል፣ ሥሏቸዋል። ግን በዘመኑ ደም ከመሐል ወደ ዳር ይፈስሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ መዝጊያዎቹ ደሙ በአንድ ጊዜ ወደ እግር ወርዶ እንዳይከማች የሚያዘገዩ መሰሉት። አቅጣጫውን ሳተ። የእርሱ ተማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው ሥራው መዝጊያዎቹ ደሙን ወደ ልብ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች መሆናቸውን አሳየ። ደም ቅዳና ደም መልስ የሚገናኙባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ሃርቪ ሊያያቸው አልቻለም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው እ.ኤ.አ. በ1661 ነው። በሩን እያየ አቅጣጫውን የሳተ ሊቅ ካለ፣ እኔ እብጠቱን እያየሁ አቅጣጫውን ብስት ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ባያሳርፈኝም ትንሽ አቀለለልኝ።

የእኔ እግር ታሪክ በእነዚያ በሮች ላይ ነው። ቆመን ስንውል ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የደም ዓምድ በሙሉ ክብደቱ በደም መልሶቹ ላይ ያርፋል፤ ግፊቱ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይደርሳል። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደም መልሶቹን እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ በሮቹ ከኋላው ይዘጋሉ፤ ግፊቱም በብዙ ይቀንሳል። ባት ሁለተኛ ልብ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በሮቹ ሲላሉ ግን የወጣው ደም ተመልሶ ይወርዳል፤ ደም መልሶቹ ይወጠራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ከቆዳ ሥር ይታያሉ። እግሬ ጠዋት ደህና ነው፤ ወደ ማታ ይከብዳል፤ የካልሲ ጠርዝ ምልክት ይጥልበታል፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ቆዳዬ ቡናማ ሆኗል፤ ከሥሮቹ ከወጣው ደም የቀረ ብረት ነው። እዚያው ቦታ ላይ ቁስል ሊወጣ እንደሚችል አውቃለሁና በቅባት እንከባከበዋለሁ። የደም ቅዳ ቁስል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጣት ጫፍ፣ ተረከዝ ወይም ጫማ የሚነካው ቦታ ላይ ነው፤ እንደ አባባ ትንሿ ጣት።

ስሰቅለው የሚሻለኝ፣ ስራመድ የሚቀለኝ እኔ ነኝ። አባባ ሲያንጠለጥሉት የሚሻላቸው፣ ሲራመዱ የሚይዛቸው ናቸው። የሚያጠብቅ ካልሲ ለእኔ የተዳከሙትን በሮች ያግዛል፤ ለእርሳቸው ግን ጥቂቱን ደም ከውጭ ያንቃል። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ለዚህ ነው ጠንካራ ካልሲ ከመታዘዙ በፊት የቁርጭምጭሚት ግፊት መለካት ያለበት። የእኔ የተለካው ከአባባ በኋላ ነው።

እግር ያመመው ሁሉ ደሙ ጎድሎበት አይደለም፤ ይህንንም በኋላ ነው የተማርኩት። እግር አጣጥፈን ተቀምጠን ሲደነዝዘን «ደም ቆመብኝ» እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጫንነው ነርቩን ነው። የወገብ አጥንት ቦይ ሲጠብም በእግር ጉዞ የሚመጣ ሕመም አለ፤ እርሱ ግን ቆሞ በመጠበቅ አይለቅም፤ መቀመጥ ወይም ወደ ፊት ማጎንበስ ይፈልጋል። አባባ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ይለቃቸው ነበር፤ ያ ክሊኒክ ይህን ቢጠይቃቸው ኖሮ ወገባቸውን ባልወቀሰ። ሁለቱም እግሮች እኩል ሲያብጡ ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ይታሰባሉ፤ አምሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒትም ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። እግር ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻውን፣ ትርታው ካለና ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም። አንዱ ከሌላው የበለጠ ሲቀዘቅዝ ነው ልብ ማለት የሚገባው።

ስለ ስኳር ሕመምተኞች ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ እግር ደም እየተራበ ላያምም ይችላል። አባባን ያስነሣቸው ያ የሌሊት እሳት ለእነርሱ ላይመጣ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ቁስል ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ ውስጥ እግርንና የጣቶችን መካከል በዓይን ማየት፣ ዓይን ከደከመም ሰው እንዲያይ ማድረግ የግድ ነው። የደነዘዘ ቀዝቃዛ እግርን በፍል ውሃ ጠርሙስ ማሞቅ አደገኛ ነው፤ ቃጠሎውን የሚናገር ነርቭ የለምና።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁም። አንድ እግር ብቻውን፣ በተለይ ባቱ፣ ድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመ በጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምና፣ ከአልጋ ቁራኛነት ወይም ከ4 ሰዓት ከሚበልጥ የመቀመጫ ጉዞ በኋላ ሥጋቱ ይጨምራል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ያመጣል፤ ይገድላልም። ሌላው፣ አንድ እግር ድንገት ከፍተኛ ሕመም ይዞት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘና አልንቀሳቀስ ካለ ደም ቅዳው በአንድ ጊዜ ተዘግቷል። እግሩን ለማዳን ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ማሸት፣ ማሞቅ፣ እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

አባባ ከዚያ ደረጃ ሳይደርሱ ተረፉ። የጭናቸው ደም ቅዳ በቀጭን ቱቦ ተገብቶበት በፊኛ ተከፈተ። ይህን መንገድ የከፈተው ቻርልስ ዶተር የተባለ አሜሪካዊ የራጅ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1964 አንዲት እግሬ አይቆረጥም ያሉ የ82 ዓመት ሴት የጠበበ የጭን ደም ቅዳ በቱቦ አሰፋላቸው፤ እግራቸውም ዳነ። አባባ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «አይቆረጥም ማለታቸው ጠቀመን» አሉ።

ቁስሏ ለመዝጋት 3 ወር ያህል ወሰደባት። ከዚያ በኋላ የታዘዘላቸው መራመድ ነው። ሌሊት ለሚያመውና ቁስል ላለበት ሰው ደም ሳይመጣ በፊት ይህ አይታዘዝም፤ ሲራመዱ ብቻ ባት ለሚይዛቸው ግን ከመድኃኒት የማይተናነስ ሕክምና ነው። ሕመሙ መካከለኛ እስኪሆን መሄድ፣ መቆም፣ ሲለቅ እንደገና መሄድ፤ ቢያንስ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። ሕመሙ ጡንቻውን እንደማይጎዳ ማመን ነበር ለአባባ የከበዳቸው። በሥልጠናው ጡንቻው ያገኘውን ኦክስጅን በተሻለ መጠቀም ይለምዳል፤ በተዘጋው ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ቧንቧዎችም ይሰፋሉ።

አብሬያቸው እሄዳለሁ። እኔም ባቴ መሥራት ይፈልጋልና መንገዱ ለሁለታችን ነው፤ በተቃራኒ ምክንያት። በመጀመሪያው ሳምንት 350 እርምጃ ላይ ቆሙ። አሁን 1,200 አልፈዋል። ሲቆሙ ወፍ አያሳዩኝም፤ «ያዘኝ» ይላሉ፤ እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ።

የግራው ልኬት አሁን 0.71 ነው። ትራሱ ወደ እኔ አልጋ ተመልሷል። ማታ ማታ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በእጅ ባትሪ አያለሁ፤ ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መካከል፣ ትንሿ ጣት ላይ የቀረችውን ጠባሳ። ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት በስተኋላ ጣቴን አስቀምጬ ትርታውን እፈልጋለሁ። በግራው እስካሁን አላገኘሁትም። እግሩ ግን ይሞቃል።